ጾመኞቹ ዓሣዎች

ባለፈው ሳምንት ወልድያ አንዲት ዘመዴ ቤት መስኮት ሲገጠም ደረስኩ። ሠራተኛው የመስታወት ማጣበቂያውን የሲሊኮን ቱቦ ጫፍ በምላጭ ቆረጠና ጨመቅ ሲያደርገው ያ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ሽታ አፍንጫዬን መታው። ሰው ሁሉ በሩን ክፈቱት፣ ይሄ ነገር ይሰነፍጣል ሲል እኔ ጭራሽ ጠጋ አልኩ። ዘመዴ ምን ነካሽ አለችኝ። ምንም አልነካኝም። የመርሳው ቤታችንና አያቴ አባባ ሙሄ ናቸው ፊቴ ላይ ድቅን ያሉት። ሌላው ሰው በአበባ ሽታ ልጅነቱን ያስታውሳል፤ እኔ በሲሊኮን ነው። አላፍርበትም።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አምስተኛ ክፍልን ጨርሼ ክረምቱን እቤት ነኝ። አባባ ሙሄ መርሳ አስፋልቱ ዳር መስታወት ቆራጭ ነበሩ። የፊቱ ክፍል ሱቃቸው፣ ከጀርባው ያለው ደግሞ እኔና እማዬ ከእሳቸው ጋር የምንኖርበት ነው። ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ካለው መስኮት ግማሹ የአባባ እጅ አለበት ብል አልዋሸሁም። ትንሽ ብዋሽም ለአያቴ ነው።

ያን ዓመት እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሻይ ሲይዙ ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር እየተጋጨ ይንቃጨላል። እኔ ብርድ መስሎኝ ነበር። መርሳ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት! ሮጬ ጋቢ አመጣና ትከሻቸው ላይ ጣል አደርጋለሁ። እሳቸውም ላብ እያጠመቃቸው አላህ ይባርክሽ ብለው ይለብሱታል፤ አንድ ቀን እንኳ አውልቀውት አያውቁም።

በኋላ አንድ ትልቅ መስታወት ደንበኛ ፊት ከእጃቸው አምልጦ ተሰበረ። ሰው አልተጎዳም፤ ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። ሰዎች ሱቃችንን አልፈው ሌላ ጋ መሄድ ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ አጎቴ ሰይድ ከወልድያ መጣ። እሱ የአባባ የመጨረሻ ልጅ ነው፣ ወልድያ ላይ የቤት መሥሪያ ዕቃ ይነግዳል። ተቀምጦ ሻዩን ጠጣና ቀስ ብሎ "አባዬ፣ እንግዲህ ሱቁን እንዝጋው" አለ። እኔ መሽቷል ማለቱ መስሎኝ ተነስቼ በሩን ጎትቼ ዘጋሁት። እማዬ ወደ ጓዳ ገባች። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሱቁ ይከራያል፣ አባባ ወልድያ ሄደው አጎቴ ቤት ይጦራሉ፣ እኔና እማዬም ሌላ ቤት እንፈልጋለን ማለት ነበር።

አባባ አልተቆጡም። ባለፈው ለነገርከኝ ሰውዬ የዓሣ ገንዳ ሠሪ ተገኘለት ወይ ብለው ጠየቁት። ወልድያ ላይ አንድ ሆቴል የሚያሠራ ሰውዬ እንግዳ መቀበያው ላይ በመስታወት ገንዳ ዓሣ ማኖር አምሮት፣ ያነጋገራቸው መስታወት ቆራጮች ሁሉ ይሄ የደሴ ሥራ ነው ብለው መልሰውታል። አጎቴ ይህን የነገራቸው ለቀልድ ነበር። አባባ ግን እኔ እሠራዋለሁ አሉ።

አጎቴ ሳቁን ዋጥ አድርጎ "አባዬ፣ ውሃ መያዝማ ባልዲም ይይዛል። ዓሣ ኖሮበት ካየሁ ነው የማምነው" አለ።

አባባ የሱቁን ቁልፍ ከወገባቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "መጀመሪያ እዚሁ ቤቴ አኖራለሁ። የረመዳን ጾም ሲፈታ ለዒድ ትመጣለህ። ዓሣው ሞቶ ካገኘኸው ይችን ቁልፍ በእጄ እሰጥሃለሁ፤ አንዲት ቃል አልናገርም። በሕይወት ካገኘኸው ግን ስለ መዝጋት ዳግመኛ እንዳታነሳብኝ።"

እኔ በሩ ሥር ቆሜ ያን ገንዳ ገና ሳይሠራ ወደድኩት።

በማግስቱ ስድስት ሚሊ መስታወት አወጡና ጠረጴዛው ላይ አነጠፉት። ማስመሪያውን እኔ ያዝኩ። የመስታወት መቁረጫውን አልማዝ ሲያነሱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔም ዐይኔን ጨፈንኩ። አልማዙ መስታወቱን ሲነካ ግን ክርርር የሚል አንድ ወጥ ድምፅ ሰማሁ። ዐይኔን ስገልጥ እጃቸው ቀጥ ብሏል። ሻይ የሚይዘው እጅና መስታወት የሚቆርጠው እጅ የተለያዩ ሰዎች እጅ ይመስሉ ነበር። አምስቱን መስታወት በሲሊኮን አያይዘን አደረቅነው፤ ከሥሩ ደረቅ ካርቶን አንጥፈን ውሃ ሞላነው። በማግስቱ የካርቶኑ አንድ ጥግ ረጥቦ ተገኘ። አባባ የዚያን ጥግ ሲሊኮን ፍቀው አዲስ ቀቡበትና ሲደርቅ እንደገና ውሃ ሞሉት። ለሁለተኛ ጊዜ ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ አደረ፤ እኔም እየሮጥኩ ለጎረቤታችን ለእትዬ የሺ ነገርኩ። እትዬ የሺ ከሱቃችን ጎን ፓፓያና ብርቱካን የሚሸጡ፣ ሳቃቸው እስከ መናኸሪያው የሚሰማ ሴት ናቸው።

ዓሣዎቹን ያመጣነው በአቅራቢያችን ካለው ከግራና ወንዝ ነው። አባባ አሮጌ አጎበር በሁለት እንጨት ወጥረው እኔ በታች በኩል ውሃውን እየረገጥኩ ወደ አጎበሩ እነዳላቸው ነበር። ጣት የሚያህሉ፣ ግራጫ፣ አፋቸው ዳር ቀጭን ጺም ያላቸው ዓሣዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹን አራት እንዳመጣናቸው ወዲያው ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ ውስጥ ጨመርናቸው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ አራቱም በጎናቸው ተንሳፈፉ። አለቀስኩ። አባባ ውሃውን በመዳፋቸው ዘግነው አሸተቱና "በረኪና ይሸታል። ለእኛ ማጽጃ ነው፤ ለእነሱ ግን እሳት ነው" አሉ።

ከዚያ በኋላ የውሃው ሥራ የእኔ ሆነ። የቧንቧውን ውሃ አፉ ሰፊ በርሜል ውስጥ ሁለት ቀን አሳድረዋለሁ፤ ሽታው በንኖ ያልቃል። የወንዙን ጠጠር አፍልቼ ደጋግሜ አጠብኩ። ሳሙና አይነካውም፤ ባልዲው ራሱ ለብቻው ነው፤ እማዬ አንድ ቀን ልብስ ልትዘፈዝፍበት ስታነሳው የጮህኩባት ጩኸት እስካሁን ያሳፍረኛል። ከወንዙ ያመጣነውን የውሃ ሣር ጠጠሩ ውስጥ ተከልን። መጀመሪያ ሰው እንዲያይልን ብለን ፀሐይ ላይ አስቀምጠነው ውሃው አረንጓዴ ሲሆን ወደ ጥላው መለስነው። በሳምንት አንዴ ከታች የተጠራቀመውን ቆሻሻ በጎማ እየሳብኩ ሢሶውን ውሃ አወጣለሁ፤ ባደረው ውሃ እተካለሁ። ጎማውን በአፌ ስስብ ስንቴ የዓሣ ውሃ እንደጠጣሁ አላህ ነው የሚያውቀው። የወጣውን ውሃ እትዬ የሺ ፓፓያቸው ሥር ያፈሱታል። ያ ፓፓያ ያን ክረምት ያፈራውን ያየ ይናገር።

ውሃው ሲስተካከል ሰባት ዓሣ አመጣን። ሰባቱም ኖሩ። እኔ ደረቴን ነፍቼ አስፋልቱ ዳር ስንጎማለል የወረዳው አስተዳዳሪ የሆንኩ ነበር የሚመስለኝ።

እንግዲህ መከራው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የመጣውም ከክፉ ሰው አይደለም፤ ከደግነት ነው።

ወሬው ተሰማ። የገበያ ዕለት ከአጎራባች ከተሞቹ ከግራና፣ ከሐራ የመጣ ሁሉ ቤተሰቡን ይዞ ጎራ ይላል። አውቶቡስ ሲቆም ተሳፋሪው ወርዶ ያያል። ዓሣዎቹ አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ። እኔ አላህን እያወሱ፣ ዚክር እያደረጉ መስሎኝ ለአባባ ነግሬአቸው ነበር፤ እሳቸውም ሳይስቁ ይሆናል አሉኝ። ሌላው ሰው ሁሉ ግን ምስኪን ተርበው ነው ይል ነበር። እኛ ደግሞ አፉን ከፍቶ ለሚያየን ፍጡር ሳናጎርስ ማለፍ አንችልበትም። አንዱ ከያዘው ዳቦ ይቆርሳል። ሌላዋ ከአገልግሏ እንጀራ ታወጣለች። እትዬ የሺ በቀን ሦስቴ ፓፓያ ይዘው ይመጣሉ። አንድ ሽማግሌማ ቅቤ የነካው ቂጣ ጣል አድርገው፣ ዓሣው ሲሸሽ ጊዜ አፍሮ ነው ብለው ሌላ ጨመሩለት።

ውሃው እንደ አጥሚት ነጣ። መሽተት ጀመረ። ዓሣዎቹ ላይ ላዩን ተንጠልጥለው አየር ሲውጡ፣ ሰው ይበልጥ ተራቡ እያለ ይበልጥ ያጎርሳል። አንድ ሞተ። ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ ሞተ። አጎቴ ሰይድ ከወልድያ እየደወለ እንዴት ናቸው ሰባቱ ይላል። አባባ ደህና ናቸው ብለው መዋሸት ስለማይሆንላቸው፣ አልሃምዱሊላህ ብለው ስልኩን ለእማዬ ይሰጣሉ። ቁልፉን መልሰው ወገባቸው ላይ አስረውት ነበር፤ ይዳብሱታል።

እኔ ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ውሃው የነጣበትን ቀን ሁሉ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። ምልክቱ ሁልጊዜ የገበያ ማግስት ላይ ይውላል። ዝናብ ጥሎ ሰው ያልመጣ ዕለት ውሃው ይጠራል። ማንም አላስተማረኝም። የሞቱት በረሃብ አይደለም፣ በጥጋብ ነው ብዬ ለአባባ ነገርኳቸው። ካላንደሩን አውርደው ረጅም ጊዜ አዩት።

"ልክ ነሽ" አሉኝ። "ግን እንግዳን እጅህን ሰብስብ እንዴት እላለሁ? ቤቴ መጥቶ፣ ከአፉ ቆርሶ ሲሰጥ? ዓሣውም ይሙት፣ ሱቁም ይዘጋ እንጂ ይሄን ነውር አልሠራም።"

የምራቸውን ነበር። ሱቁን የሚያጡት በእጃቸው መንቀጥቀጥ ሳይሆን በይሉኝታ ሊሆን ነው ብዬ በርሜሉ ጋ ሄጄ ተቀመጥኩ።

በዚያው ሰሞን ፍልሰታ ገባ። እማዬ ረስታው ለእትዬ የሺ ወተት ያለው ሻይ አቀረበችላቸው። እትዬ የሺ ጾም መግባቱን ሲነግሯት እማዬ ደንግጣ ብርጭቆውን አነሳች፣ ይቅርታ ጠይቃም ጥቁር ሻይ አመጣች። ጠጡልኝ ብላ አልለመነቻቸውም። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ትንሽ ብቻ ተብሎ ሦስት ጊዜ ይለመናል። ጾመኛን ግን ማንም አይለምንም፤ ማንም አይቀየምም። እኔ ይሄን አየሁ።

በማግስቱ አንድ ገበሬ ዳቦውን ቆርሶ እጁን ወደ ገንዳው ሲሰድ "አባቴ፣ ጾመኞች ናቸው" አልኩት።

ሰውዬው እጁን እሳት እንደነካው ሰበሰበ። "አፉ በይኝ ልጄ፣ አላወቅሁም" አለና ዳቦውን ወደ ኪሱ መለሰ። ዓሣዎቹንም አየት አድርጎ ጾማቸውን ይቀበላቸው ብሎ ወጣ።

አባባ ከውስጥ ሰምተዋል። ጠሩኝ። ውሸት ሐራም መሆኑን፣ በጾም ስም ሲሆን ደግሞ እንደሚብስ ነገሩኝ። አንገቴን ደፋሁ። ቆይተው ግን ጢማቸውን አሻሹና "እንግዲያው ውሸት እንዳይሆን እውነት እናድርገው። ከዛሬ ጀምሮ ይጹሙ" አሉ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ዓሣዎቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ አንዳች አልቀመሱም። የመግሪብ አዛን ሲሰማ እኔ ከበርሜሉ ላይ በጨርቅ ያጠለልኳቸውን የሚጥመለመሉ የትንኝ ትሎች ወይም በጣት ቁንጥር ብቻ የተፈጨ የእንጀራ ድርቆሽ እጨምራለሁ። በትንሽ ጊዜ ውስጥ በልተው ይጨርሳሉ፤ የሚተርፍ የለም። ቆይተው አዛኑ ሲጀመር ራሳቸው ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ያኔ አዛኑን ያውቁታል ብዬ ለክፍል ጓደኞቼ በሙሉ ምያለሁ። አሁን ሳስበው የለመዱት የእኔን ጥላ ነው።

እትዬ የሺ ነገሩን ሲሰሙ ፓፓያቸውን እንደያዙ እዚያው ቆመው ሳቁ። "እኛ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ስንከራከር ዓሣው ራሱ ጾሞ አረፈው!" አሉ። ከሁሉ በላይ ዘበኛ የሆኑት ግን እሳቸው ናቸው። ሰው እጁን ወደ ገንዳው ሲሰድ ካዩ ከሱቃቸው ሆነው ጾም ነው ይላሉ። ፍልሰታ ሲፈታ ተጨንቄ ነበር፤ ያን ዓመት ረመዳን ሊገባ ገና ቀናት ይቀሩት ነበር። አባባ ግን ተረጋግተው ወሩ ከረመዳን በፊት ያለው ሻዕባን መሆኑን፣ በሻዕባን መጾም የሚወደድ ሱና መሆኑን ነገሩኝ። ቀጥሎ ረመዳን ገባ። አንድ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ፍልሰታንም ረመዳንንም የሚጾም ምን ዓይነት ዓሣ ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ አባባ "የወሎ ዓሣ ነዋ" ብለው መለሱለት።

ውሃው ከቀን ወደ ቀን ጠራ። ከገንዳው ጀርባ ያለው የካላንደሩ ቁጥር በውሃው ውስጥ አልፎ ይነበብ ጀመር። አምስቱ ዓሣዎች ወፈሩ ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን አላሰብንበትም ነበር። በዒድ መጾም ክልክል ነው። አጎቴ የሚመጣውም በዒድ ነው። ዋዜማውን አባባ በግልጽ ነገሩኝ፦ ነገ ጾመኞች ናቸው ማለት አይቻልም፤ የመጣውም ሰው ዒድ ሙባረክ ብሎ ቢያጎርስ አልከለክልም። ከአንድ ወር በላይ ሳያጎርስ የቆየ ከተማ፣ በአንድ ቀን! እነዚያ አምስት ዓሣዎች ለዙህር፣ ለቀትሩ ሶላት እንኳ አይደርሱም ነበር።

ጠዋት ሰው ከሶላት ሳይመለስ የእማዬን ትልቁን ትሪ አወጣሁ። ነጭ ጨርቅ አልብሼ ገንዳው ፊት በርጩማ ላይ አስቀመጥኩትና ጎኑ ቆምኩ። የመጣው ሁሉ የዓሣዎቹን ድርሻ እትሪው ላይ እንዲያኖር ጠየቅሁ፤ አባባ በእጃቸው እንደሚያቀምሷቸው፣ የተረፈው ደግሞ ለተቸገረ እንደሚሰጥ ነገርኳቸው። ማንም አልተቀየመም። ጭራሽ ከዓሣ የተረፈው ለምስኪን ነው ሲባል እጃቸው ሰፋ። ዳቦ፣ ቴምር፣ ሥጋ፣ ሳምቡሳ መጣ። እትዬ የሺ ለዒድ ብለው ትልቁን ፓፓያ ቆርጠው አመጡ። ትሪው ሞልቶ ሌላ ትሪ ተጨመረ። አባባ ከዚያ ሁሉ አንዲት የዳቦ ፍርፋሪ በጣታቸው ቆንጥረው ቢስሚላህ ብለው ጣል አደረጉ። ሌላውን መስጂዱ በር ላይ ለተቀመጡት እማዬ ወሰደችላቸው። አንድ ቃል ውሸት አልተነገረም።

አጎቴ ሰይድ የገባው ይሄን ጊዜ ነው። የአባቱን እጅ ስሞ ሳይቀመጥ ወደ ገንዳው ሄደ። ጎንበስ ብሎ ቆጠረ። ከዚያ ዐይኑን ጠበብ አድርጎ በውሃው ውስጥ የካላንደሩን ቁጥሮች አንድ በአንድ አነበበ። ጣቱን በሲሊኮኑ መጋጠሚያ ላይ ከላይ እስከታች አስኬደ፤ ደረቅ ነው።

"ሰባት ነበሩ" አለ።

"ሁለቱን በደግነት ገደልናቸው" አሉ አባባ። "አምስቱ አሉ።"

አጎቴ ቀና ብሎ የአባቱን እጅ አየ። ሻይ ይዘው ነበር፤ ብርጭቆው ይንቃጨላል። ብርጭቆውን ተቀበላቸውና ራሱ ወደ አፋቸው አቀረበላቸው። "አውፍ በሉኝ አባዬ። የሆቴሉን ሰውዬ ምን ልበለው?"

"መስታወቱን እኔ እቆርጣለሁ" አሉ አባባ። "ዓሣው ይኖራል ወይስ አይኖርም የሚለውን ግን እሷን ጠይቃት። እኔ ሣጥን ነው የሠራሁት፤ ያኖረቻቸው ሰዓዳ ናት።"

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። እንደ ትልቅ ሰው ነበር የጠየቀኝ። ከነገ ጀምሮ እንግዳውን ምን ልትዪው ነው አለኝ። እኔ ከዒድ በኋላ የሸዋል ወር ስድስት ቀን ጾም እንዳለ፣ ከዚያ በኋላ ሰኞና ሐሙስ ሱና መሆኑን ነገርኩት። እትዬ የሺ ከበሩ ሆነው ረቡዕና ዓርብን ለእኛ ተዉልን አሉ። አጎቴ እየሳቀ ዐይኑን ጠረገ።

አባባ ቁልፉን ከወገባቸው ፈቱት። ለአጎቴ የሚሰጡት መስሎኝ ነበር። በገመድ አስረው አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ፤ ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሱቁን የምትከፍቺው አንቺ ነሽ አሉኝ። ቋጠሮውን ሲያጠብቁ እጃቸው አንገቴ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ዕለት ጋቢ ፍለጋ አልሮጥኩም። ብርድ እንዳልሆነ አውቄ ነበር። ቋጥረው እስኪጨርሱ ቀጥ ብዬ ቆምኩላቸው።